ወረፋው ሲለቀቅ

ኦላና በሰርቨሩ ክፍል ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰብሯል። አጠገቡ ቀይ የእሳት ማጥፊያ ወድቋል፤ ግርጌው ላይ ደምና ፀጉር ተጣብቆበታል። ገዳዩ በአንድ ምት አልተወውም። ከወደቀ በኋላም መትቶታል።

ኢንስፔክተር ውባንቺ ክፍሉ ወዳለበት የቦሌ ሕንፃ ስትደርስ በር ላይ ሌላ ሰው ሊገደል ነበር። ከታች ባሉት ሱቆች የሚሠሩ ጎረምሶች የሕንፃውን ጥበቃ ኑሪን መሬት ላይ ጥለው ይረግጡታል። ሽማግሌው ፊቱን አልሸፈነም። ሁለት እጁን ደረቱ ላይ ቆልፎ አንድ ነገር ይዟል። ፖሊሶች ሲያስጥሉት የያዘው ነገር ታየ። የሟቹ ስልክ ነው።

«ገድሎ ሰርቆት ነው!» አለ አንዱ።

«አልሰረቅሁም» አለ ኑሪ፤ ደምና ጥርስ ተፋ። «ራሱ ነው የሰጠኝ። ለሌላ ሰው እንዳትሰጥብኝ ብሎኛል።»

ማንም አላመነውም። ኦላና የሚሠራበት ድርጅት የአውቶቡስ ትኬት በስልክ የሚሸጥ ነው። ኦላናና ባልደረባው ያቤጽ ትኬቱን የሚያወጣውን ዋና ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩን፣ ይቆጣጠራሉ፤ ሮዳስ ሥራ አስኪያጅ ናት። ግድያው በተፈጸመበት እሑድ ሰርቨሩ ለጥገና ቆመ። ላምበረት መናኸሪያ ተሳፋሪው ብዙ ጠበቀ፤ ኋላ ትኬቱ መጣ። ስለዚህ ሁሉም ኦላና ጠግኖ ከከፈተ በኋላ ተገደለ አሉ። ትኬቱ ሲመጣ ያቤጽ ከሕንፃው ወጥቶ ላምበረት በሕዝብ መካከል ነበር። ሮዳስ እንግዳ ይዛ ከአውሮፕላን ማረፊያ ስትመለስ መንገድ ላይ ነበረች። ሕንፃው ውስጥ የቀረው ኑሪ ብቻ ነው።

«ግልጽ ነው» አለ ሳጅን ኤርሳዶ። «ነገ በነፍስ ግድያ ፍርድ ቤት እናቀርበዋለን።»

«ነገ ገና አልነጋም» አለች ውባንቺ። ካቴናው ኑሪ እጅ ላይ እንዳለ ወደ ላምበረት ሄደች።

የትኬት ሠራተኛዋ ራህማ የተሰበረ መስታወት ትጠርግ ነበር።

«ስልኮቹ ምን ይሉ ነበር?»

«ያቺ ክብ ምልክት መዞር ብቻ! እምቢ ቢሉ እኮ ሰው ተስፋ ቆርጦ ይሄዳል። እሺም እምቢም የለ። እኔን ሊበሉኝ ደረሱ፤ ይኸው፣ መስታወቴን በድንጋይ አነከቱት።»

«ያቤጽስ?»

«እሱ ነው ያዳነኝ። ‹አትዝጉት፣ ሰርቨሩ ተነስቷል፣ ወረፋችሁ ተይዟል› አላቸው። ትንሽ ቆይቶ የሰው ሁሉ ስልክ ባንዴ ጮኸ። ‹ነቢይ ሆንክ እንዴ?› ብዬ ቀለድኩበት።»

«አልሳቀም?»

«አልሳቀም።»

ውባንቺ ወደ ቦሌ ስትመለስ ሮዳስ ቢሮዋ ውስጥ ፊቷ ነጥቶ ተቀምጣለች።

«ኦላና ጠዋት ደውሎልኝ ነበር» አለች። «‹ወረፋ ዘለው ትኬት የሚወስዱ ደላሎች አሉ፤ ከውስጥ በር የከፈተላቸውን ሰው አገኘሁት። መጥተሽ በዓይንሽ ሳታዪ ሰርቨሩን አላስነሳም› አለኝ። ስሙን በስልክ አልነግርሽም አለ።»

«ከዚያ በኋላስ?»

«መንገድ ላይ ሆኜ ስደውል ጋሽ ኑሪ አነሳው። ‹ሥራ ላይ ነው ልጄ› አለኝ። ኦላና ሰርቨር ሲነካ እንዳይረብሹት ስልኩን ሁልጊዜ በር ላይ ይተዋል።»

«ያኔ ትኬቱ መጥቶ ነበር?»

«ገና ነበር። ከላምበረት ስድብ ይወርድብኝ ነበር።»

«ይህን ለምን ቀድመሽ አልተናገርሽም?»

«ሁሉም ጋሽ ኑሪ ነው ሲሉ እኔም አምኜ...» ሮዳስ አንገቷን ደፋች።

ውባንቺ ሰዎቹን ደሙ ወደ ደረቀበት የሰርቨር ክፍል ሰበሰበች። ኑሪ በካቴና ታስሮ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ፤ አንድ ዓይኑ አብጦ ተዘግቷል። ራህማ ከላምበረት በስልክ ድምፅ ማጉያ ትሰማለች።

«ያቤጽ፣ የእኛ ሰዎች ሰርቨሩን አጥፍተውታል። ሕዝቡ ተቸግሯል። አስነሳው።»

ያቤጽ ቁልፎቹን መታ። «አስነሳሁት።»

«ራህማ፣ መጣ?»

«ኧረ ይዞራል!»

«ለምን ይዞራል?» ያቤጽን ጠየቀችው።

«እየተዘጋጀ ነው። የሁሉንም አውቶቡስ ወንበር አንብቦ እስኪጨርስ ይቆያል።»

«ሰዎቹን ለምን አይመልሳቸውም?»

«ከፊቱ ትንሽ ፕሮግራም አለች። የሚመጣውን ሁሉ ተቀብላ በወረፋ ትይዛለች። ዋናው ዝግጁ ሲሆን ታስገባቸዋለች።»

«እስኪዘጋጅ አንተ እዚህ መቀመጥ አለብህ?»

ያቤጽ ወደ በሩ ተመለከተ።

«አያስፈልግም» አለች ሮዳስ ቀስ ብላ።

«እንግዲያው እንጠብቅ» አለች ውባንቺ። «ተሳስተን ነበር። ትኬቱ ሲመጣ ኦላና ሕያው ነው ብለን ነበር። ትኬቱ ግን የሚነግረን ሰርቨሩ የተዘጋጀበትን ሰዓት ነው። የተነሳው ከዚያ ብዙ ቀድሞ ነው። ያስነሳው ሰው ከቦሌ ወጥቶ ላምበረት ለመድረስ በቂ ጊዜ ነበረው። ኦላና ሮዳስ ሳትመጣ አላስነሳም ብሏል። ጋሽ ኑሪ ማስነሳት አይችሉም። ላምበረት ላይ ግን አንድ ሰው ‹ተነስቷል› አለ። ማን ነገረህ፣ ያቤጽ?»

«ኦላና ደወለልኝ።»

«በየትኛው ስልክ?»

ያቤጽ ከወንበሩ ተነሳ።

«ስልኩ በር ላይ ነበር» አለች ውባንቺ። « ጋሽ ኑሪ አደራ ብለው ጥርሳቸውን ያጡበት ስልክ።»

በዚህ መካከል ከድምፅ ማጉያው ጩኸት ፈነዳ። ብዙ ስልኮች ባንዴ ጮኹ። «መጣ!» አለች ራህማ። «የሁሉም መጣ!»

ያቤጽ ወንበሩን አንስቶ የውባንቺን ትከሻ መታ፤ ወደ በሩ ሮጠ። ኤርሳዶ በክርኑ አፍንጫውን ብሎ ጣለው። ያቤጽ ኦላና በወደቀበት ቦታ ተደፍቶ ደም እያፈሰሰ ጮኸ። «ደላሎቹን ማስገባቴን ለሮዳስ አሳያታለሁ አለኝ! ለመንኩት እኮ! ጀርባውን ሰጥቶኝ ሥራውን ቀጠለ!»

ኤርሳዶ የኑሪን ካቴና ፈትቶ በያቤጽ እጅ አጠለቀው። ዓይኑን ከሽማግሌው አሸሸ። ኑሪ የቆሰለ አንጓውን እያሻሸ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የኦላናን ስልክ ተመለከተ።

«እሱን ለማን ነው የምትሰጡት?»

«ለጊዜው ማስረጃ ነው፣ ጋሽ ኑሪ» አለች ውባንቺ ትከሻዋን ይዛ። «ሲያበቃ ለእናቱ ይሰጣል።»

«እኔ ላድርሰው» አለ ኑሪ። «እኔ ነኝ የተቀበልኩት።»