ሦስተኛው ጥቁር ቀሚስ

ትርንጎ ሲራክን ያወቀችው የሐዘን ቀሚሷን ባጃጅ ይዞ ቀዶባት ልታሰፋ የገባች ዕለት ነው። መርሳ መናኸሪያ አጠገብ ባለችው ጠባብ ልብስ ስፌት ቤቱ፣ ቀና ሳይል ሰፋላት። ቀና ያለው ስትወጣ ነበር። እሷም ዞር ብላ ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ የቀሚሷ ቁልፍ ቶሎ ቶሎ ይበጠስ ጀመር። ራሷ እየበጠሰች እንደምትመጣ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ሁለቱም አይናገሩም።

ባሏ ገበየሁ የጭነት መኪናው ውርጌሳ ላይ ተገልብጦ ከሞተ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ሙት ዓመቱ ሲወጣ ጥቁሩን ማውለቅ ሲገባት ሁለተኛ አሰፋች። እሱንም ፀሐይ ሲበላው ሦስተኛ ልታሰፋ ሲራክ ዘንድ ሄደች።

«አልሰፋም» አላት።

«ጨርቅ የለህም?»

«ጨርቅማ ሞልቷል። እጄ ነው እምቢ ያለኝ።»

ከመደርደሪያው ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። የማንጎ ቅጠል የመሰለ አረንጓዴ ቀሚስ።

«ቅዳሜ ይሄን ለብሰሽ ነይ፤ ሽማግሌ እልካለሁ። በጥቁሩ ከመጣሽ ግን እሰፋልሻለሁ፤ ሁለተኛም አልጠይቅሽ።»

አማቷ እትዬ ታደለች እንዳያዩባት አልጋዋ ሥር ደበቀችው። እሳቸው ግን አገኙት።

«ይሄ የማን ነው?»

«የሰው ነው፣ እማማ።»

«የሰው ከሆነ ምነው በአንቺ ልክ ተሰፋ?» ጨርቁን በጣታቸው ዳሰሱት። «ልጄን የወለድኩት እኔ፣ የማለቅሰው እኔ። አንቺ ልበሽው።»

«ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰውማ አንድ ሰሞን ያማሻል፤ ከዚያ ሌላ ያማል።»

ይከለክሉኛል ብላ ነበር። ስላልከለከሏት ፈራች።

ቅዳሜ አረንጓዴውን ለብሳ ወጣች። ሁልጊዜ ስታልፍ ብድግ የሚሉላት የእህል በረንዳው ሽማግሌ አልተነሱም። ማንጎ ሻጯ ፋንቱ «አይዞሽ፣ እህቴ» አላለቻትም። አንድ ባለ ባጃጅ «ቆንጅት፣ ላድርስሽ?» አላት። በጥቁሩ ቢሆን የምትመልሰውን ታውቅ ነበር። አሁን ግን እጇን የት እንደምታደርገው እንኳ ጠፋት።

ከመታጠፊያው ማዶ የሲራክ ስፌት መኪና ይሰማል። ትንሽ ሄዶ ቆመ፤ እንደገና ሄደ፤ ቆመ። እየጠበቃት ነው።

ወደ ቤት ተመለሰች።

ከሰዓት በኋላ ጥቁሯን ለብሳ፣ አረንጓዴውን በጋዜጣው ጠቅልላ መጣች። ሲራክ አያትና ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ።

«ጠበበሽ?»

«አልጠበበም» አለች መሬት መሬት እያየች። «ልክ ነው።»

ሦስተኛውን ጥቁር ሰፋላት። ቁልፎቹን ሲተክል ክሩን ደጋግሞ አሰረ።

በዓመቱ፣ በገበያ ቀን፣ አንዲት ወጣት አረንጓዴውን ቀሚስ ለብሳ በትርንጎ ፊት አለፈች። ትከሻዋ ላይ ትንሽ ሰፍቷታል። ሲራክ ዘንቢሏን ይዞ ከኋላ ይከተላታል።

ፋንቱ ከማንጎዋ ቀና ብላ የትርንጎን ፊት አየች።

«ገበየሁ ትዝ አለሽ?»

«አዎ።»

«አይዞሽ፣ እህቴ።»

ትርንጎ በነጠላዋ ሥር የጥቁር ቀሚሷን የደረት ቁልፍ ያዘችና ጎተተችው። አልበጠስ አላት።