«ይቆየን» አልኩት

መጀመሪያ ያየሁት ጫማውን ነው።

ከጠረጴዛ ሥር ተንበርክኬ አንዲት የጠፋች ትንሽ አሻንጉሊት እየፈለግኩ ነበር። በሩ ተከፈተና ሰማያዊ ቀለም የተንጠባጠበበት ትልቅ ጫማ ገባ። ከአጠገቡ ደግሞ ትንንሽ ጫማዎች ገቡ፤ ተረከዛቸው መሬት አልነካም።

«ሚጣዬ፣ አማካሪዋ የት ሄደች?» አለ አንድ ጎርናና ድምፅ።

ሚጣ! እኔን ነው! ሠላሳ አንድ ዓመት የሞላኝን ሴትዮ! ለካ ከጠረጴዛው ሥር የሚታየው ዝንጉርጉር ካልሲዬ ብቻ ነው።

«እዚሁ ነኝ!» ብዬ ቀና ከማለቴ ጭንቅላቴ ከጠረጴዛው ጋር ተላተመ።

«እኔን!» አለ፤ ዘሎ መጥቶ ጠረጴዛውን በአንድ እጁ አነሳልኝ።

«እኔን» እኮ ሰው ሲደናቀፍ ሁሉም የሚላት ቃል ናት። በቀን አሥሬ እሰማታለሁ። እሱ ሲላት ግን የምሩን በኔ ፈንታ ሊመታ የፈለገ መሰለኝ። ዓይን ለዓይን ተያየን። ፀጉሩ ላይ ሳይቀር ሰማያዊ ቀለም ነበር።

«ዶክተር፣ ይቅርታ... ልጅ መስለውኝ ነው።»

«ዶክተር አይደለሁም። ልጅም አይደለሁም» አልኩት ግንባሬን እያሻሸሁ።

ሥራዬ በአንድ የልጆች ማዕከል ውስጥ ሰው የሞተባቸውን ልጆች ማማከር ነው። የልጆች ሥነ ልቦና ተማርኩ፤ ከዚያ ሐዘን ላይ ብቻ ሦስት ዓመት ሠለጠንኩ። ሰው ሥራዬን ሲሰማ «ውይ፣ እንዴት ትችይዋለሽ?» ይለኛል። እውነቱን ልንገራችሁ? የሚከብደኝ ሐዘኑ ሳይሆን ዝምታው ነው። እኔ ወሬኛ ነኝ። ዝም የምለው ሥራ ላይ ብቻ ነው፤ እዚያም ምላሴን ነክሼ።

ሰውየው ቀለም ቀቢ ነበር። ልጅቷ ደግሞ የእህቱ ልጅ፤ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ጉንጮቿ ድምቡሽቡሽ ያሉ ስለሆኑ ድምቡሼ ይላታል። እናቷ ከሞተች አራት ወር ሆኗታል። አባቷን አታውቀውም። ስለዚህ ያላት እሱ ብቻ ነው፤ እሱም ያለችው እሷ ብቻ ናት።

«ድምፅ አውጥታ አታወራም» አለኝ ቀስ ብሎ። «በእግሯ ጣቶች ነው የምትራመደው። መዋዕለ ሕፃናት ደግሞ የእረፍት ሰዓት ሲደርስ ጋደም በይ ሲሏት ትንቀጠቀጣለች። ምን በድያት ነው?»

«ገና አላወቅንም። አብረን እንደርስበታለን።»

«አብረን» ያልኩት ለሥራ ነበር። ቢሆንም ጆሮዬ ላይ ለብቻዋ ቀረች።

በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ያመጣታል። ያኔ የመጫወቻ ክፍላችን ቢጫ መጋረጃ ነበረው። ፀሐይ ስትገባበት ክፍሉ በሙሉ ማር ይመስላል፤ አቧራው ሳይቀር በአየር ላይ ቀስ ብሎ ይዋኛል። ድምቡሼ በዚያ ብርሃን ውስጥ ኮቴዋ ሳይሰማ ትመላለሳለች። እሱ መተላለፊያው ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። በመስታወቱ በኩል ትከሻው ይታየኛል። እነዚያን ሳምንታት ሳስባቸው እንቅልፍና ንቃት መሀል የነበርኩ ይመስለኛል።

በአምስተኛው ቀጠሯችን ከእንጨት የተሠራችውን የአሻንጉሊት ቤት አወጣሁላት። ድምቡሼ እናትየዋን አሻንጉሊት አልጋ ላይ አስተኝታ፣ ሌሎቹን በሙሉ ከቤት አስወጣቻቸው።

«እነዚህስ ለምን ወጡ?» አልኳት።

«እሽሽ!» አለችኝ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ። «እንዳትረብሻት። አርፋለች።»

ወደ አሻንጉሊቷ አልጋ ጎንበስ አልኩ።

«ማን ነው ያረፈችው?»

«እማዬ። አጎቴ ከሐኪም ቤት መጣና ‹እማዬ አረፈች› አለኝ። ከዚያ ብዙ ሰው መጣ። ሁሉም ‹አረፈች› አለ። በጣም ደክሟት ነበር እኮ።»

«እና አሁንስ?»

«አሁንም እያረፈች ነው። ጫጫታ ከሰማች ቶሎ አትጨርስም። ስትጨርስ ትመጣለች።»

አራት ወር ሙሉ! ይህቺ ልጅ እናቷ እረፍቷን እንድትጨርስ ብላ ትንፋሿን ውጣ ነበር የኖረችው።

«መዋዕለ ሕፃናትስ፣ ለምንድነው ጋደም የማትይው?»

ዙሪያዋን ቃኝታ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። «እኔም ካረፍኩ አልመጣማ። አጎቴ ብቻውን ይቀራል።»

እኛ ትልልቆቹ «ሞተ» ማለት ይከብደናል። ለሟቹ ክብር፣ ለሰሚው አንጀት ስንል «አረፈ» እንላለን። ጨዋ ቃል ናት። ለስድስት ዓመት ልጅ ግን እረፍት ማለት እረፍት ነው።

በማግስቱ ቀለም ቀቢውን ብቻውን ጠርቼ ነገርኩት። ጭንቅላቱን ይዞ ወንበሩ ላይ ተደፋ።

«እኔ ነኝ... በገዛ አፌ...»

«በፍቅር ነው ያሉት። አሁን ግን ቃሉን በቃሉ መንገር አለብዎት። ‹ሞታለች› ብለው።»

«አልችልም።»

«ለሌላ ሰው ተናግረውት ያውቃሉ?»

ራሱን ነቀነቀ። «ቃሉ አፌ ውስጥ አይገባም። ካልኩት... የእውነት ትሞታለች።»

ስለዚህ ተለማመድን። እንደ ልጅ ትምህርት! ለሦስት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ድምቡሼ በር ላይ ካሉት ከእትዬ ጋር ሥዕል ስትቀባ፣ እኛ ፊት ለፊት እንቀመጣለን። እትዬ የማዕከሉ እንግዳ ተቀባይ ናቸው፤ የሁላችንም እናት፣ የሁላችንም ተቆጪ። እሱ «እህቴ...» ይልና ይቆማል። እኔ እጠብቃለሁ። ግድግዳው ላይ የዛፍ ጥላ ይወዛወዛል። እሱ እንደገና «እህቴ...» ይላል።

በሦስተኛው ቀን «እህቴ ሞታለች» አለ። ቃሏ ወጣችለት። ከዚያ ያንን የሚያክል ሰውዬ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ አለቀሰ። ሲጨርስ ፊቱን በክንዱ ጠርጎ «በትክክል አልኩት?» ብሎ ጠየቀኝ። በዚያች ደቂቃ ወደድኩት። በቃ፣ ወደድኩት!

ለልጅቷ አብረን ነገርናት። እሱ መሬት ላይ ቁጭ አለ፤ እኔ ትንሽ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ።

«ድምቡሼ፣ የተሳሳተ ቃል ነግሬሽ ነበር። እማዬ እያረፈች አይደለም። እማዬ ሞታለች። ሰውነቷ ሥራውን አቁሟል። አይበርዳትም፣ አይርባትም፣ አትሰማም። ተመልሳ አትመጣም።»

«ዝም ብልም?»

«ዝም ብትዪም፣ የኔ ቆንጆ።»

«ብጮህም?»

«ብትጮሂም።»

ድምቡሼ አየችው። ደረቷ በአየር ሞላ። ከዚያ «ታዲያ ለምን ዝም አልኩ?!» ብላ ጮኸች። መስታወቱ ተንቀጠቀጠ! «ይሄን ሁሉ ቀን ለምን ዝም አልኩ?!» እየጮኸች በጡጫ መታችው፤ ወዲያው ደግሞ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እትዬ እየሮጡ መጥተው በሩን ከፈቱ።

«እሰይ! ጩኺ የኔ ልጅ!» ብለው እሳቸውም አብረው ማልቀስ ጀመሩ።

ከዚያ ቀን በኋላ ልጅቷ በሙሉ እግሯ መራመድ ጀመረች። ቀስ እያለች፣ ቀን እየጠበቀች፣ እየሳቀችና እያለቀሰች። እኔና ቀለም ቀቢው «እርስዎ» መባባል መቼ እንዳቆምን አላስታውስም።

አንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ ድምቡሼ ጫማዋን እስክታስር መተላለፊያው ላይ ቆመናል። ዝናቡ ጣሪያው ላይ ወፍራም ሆኖ ይወርዳል። ወደ እኔ ዞረ።

«ነገርን በቃሉ መናገር ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ» አለ። «እንግዲህ በቃሉ ልንገርሽ። ወድጄሻለሁ።»

ልቤ ዘለለች። አፌ ግን... ሁለት ነገር ያዘኝ። አንደኛው የማዕከሉ ደንብ ነው፤ ከምትረጂው ልጅ ቤተሰብ ጋር እንዲህ ያለ ነገር ክልክል ነው። ሁለተኛው ድምቡሼ ራሷ ናት። ገና ሕክምናዋን አልጨረሰችም። ፍቅራችን መሀል ላይ ቢበላሽ፣ ያቺ ልጅ ያመነቻትን ሁለተኛ ሴት ልታጣ ነው። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ልነግረው ይገባ ነበር። እኔ ወሬኛዋ!

«ይቆየን» አልኩት።

«እሺ። ይቅርታ አድርጊልኝ» አለና ልጅቷን ይዞ ዝናቡ ውስጥ ገባ።

የተስማማን መሰለኝ። ቤቴ የገባሁት እያንጎራጎርኩ ነው!

በሚቀጥለው ሳምንት ድምቡሼን ያመጣቻት ጎረቤታቸው ናት። ከዚያ በሚቀጥለውም። ወሩን ሙሉ ድርሽ አላለም። እኔም ነደድኩ። ወንድ ልጅ! ወድጄሻለሁ ብሎ አንድ ሳምንት መቆየት ያቃተው! እየተነጫነጭኩ ስመላለስ እትዬ ክንዴን ይዘው አስቀመጡኝ።

«ለመሆኑ ያ ልጅ ምን ሲልሽ ምን አልሽው?»

ነገርኳቸው።

«ምን? ምን አልሽው?»

«‹ይቆየን›።»

እትዬ መነጽራቸውን አወለቁ። «አብደሻል እንዴ አንቺ ልጅ? እኔ ሰው ቤት ሄጄ ምግብ ሲያቀርቡልኝ፣ አልፈልግም ላለማለት ነው ‹ይቆየኝ› የምለው! እምቢ ነው እኮ ያልሽው!»

«እትዬ፣ እኔ እኮ... ልጅቷ እስክትጨርስ እንጠብቅ ማለቴ ነበር።»

«ታዲያ ‹እንጠብቅ› አትይውም? የሰውን ልጅ ‹ቃሉን በቃሉ› እያልሽ ስታስለቅሺ ከርመሽ! የተማርሽ!»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በዚያው ቀን አለቃዬ ቢሮ ገባሁና ሳላድበሰብስ ሁሉንም ነገርኳት።

«ከዚህ ያለፈ ነገር አለ?» አለችኝ።

«የለም።»

«የቀሩት ሁለት ቀጠሮዎች ናቸው። አብሬሽ እገባለሁ፤ ልጅቷን በወጉ ትሰናበቻታለሽ። አጎቷን አንድ ጊዜ አናግረሽ ነገሩን ግልጽ አድርጊለት። ከዚያ ስድስት ወር። ስልክ የለም፣ መገናኘት የለም። ስሜቱ ያኔም ካለ የራሳችሁ ጉዳይ ነው።»

በመጨረሻው ቀን ድምቡሼ ጭኔ ላይ ተደግፋ «የማንገናኘው ልትሞቺ ነው?» አለችኝ።

«አይደለም። ደህና ነኝ። ሥራችንን ስለጨረስን ነው የምንለያየው።»

«ያሳዝናል?»

«አዎ። እኔን አሳዝኖኛል።»

«እኔንም» አለች ጮክ ብላ። ከዚያ አለቃዬን ይዛ አሻንጉሊቶቹን ልታስተዋውቃት ሄደች።

እሱ መተላለፊያው ላይ ቆሟል፤ ለመሰናበቻው ይምጣ ብለን አስጠርተነው ነው። ዓይኔን ሽሽት ግድግዳውን ያያል።

«ስማኝ» አልኩት። «ያን ቀን ‹ይቆየን› ስልህ እምቢ ማለቴ አልነበረም። እወድሃለሁ። አሁን ደግሞ ስድስት ወር ሳንገናኝ መጠበቅ አለብን፤ ደንብ ነው። ለድምቡሼም ይሻላል። ካልፈለግክ አሁኑኑ ንገረኝ።»

ሳቀ፤ ዓይኑ ግን እንባ ሞልቶ ነበር።

«ወር ሙሉ ግድግዳ እየቀባሁ ‹ምን አጥፍቼ ነው› ስል ከረምኩ እኮ!»

«ትጠብቀኛለህ?»

«ቀለም ቀቢ ነኝ። የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛውን ቀብቼ አላውቅም» አለኝ።

ስድስቱ ወር እንደ ሕልም አለፈ፤ አንዳንዱ ቀን ሕልም፣ አንዳንዱ ቀን ቅዠት። በመንገድ ሳልፍ አዲስ የተቀባ ግድግዳ ካየሁ ሰው እንዳላየኝ አረጋግጬ በእጄ ዳሰስ አደርገዋለሁ። እሱ ይሆን የቀባው? ቢጫውን ስነካ ይሞቀኛል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመጋረጃው ስትገባ መተላለፊያው ላይ ትከሻው የታየኝ ይመስለኝና ቀና እላለሁ። ማንም የለም። ሌላ ልጅ ይገባል፤ እኔም ምላሴን ነክሼ መሬት እቀመጣለሁ።

ስድስት ወር በሞላ በማግስቱ ጠዋት፣ ወደ ሥራ ስሄድ ከማዕከሉ ማዶ ጥግ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። እሱ ንጹህ ሸሚዝ ለብሷል፤ ያለ ቀለም ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ድምቡሼ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል።

«ነግረሃታል?» አልኩት ሰላም እንኳ ሳልለው።

«ነግሬያታለሁ።»

«ምን ብለህ?»

«‹እወዳታለሁ፣ ከፈቀደችልኝ ላገባት እፈልጋለሁ› ብዬ።»

ድምቡሼ መሀላችን ገብታ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች።

«አንድ ነገር አለ» አለችኝ። «እማዬ አልልሽም።»

«አትበይኝ። እማዬ አንድ ናት።»

«ስለሷ ማውራትም አላቆምም።»

«እኔም መስማት አላቆምም።»

አጎቷን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ብዙ አሰበች። እኛ ሁለታችን ትንፋሻችንን ይዘን ቆመናል። ሠላሳ ሁለት ዓመት የሞላኝ ሴትዮ፣ ስንት ልጅ ያማከርኩ፣ አንዲት ጥርስ አልባ ዳኛ ፊት ላብ አጠመቀኝ።

«እሺ» አለች በመጨረሻ። «እታለም እልሻለሁ።»

«ማን አስተማረሽ ይሄን?»

«ማንም። ራሴ ነኝ ያወጣሁልሽ።»

አጎቷ እጄን ያዘኝ። ድምቡሼ መንገዱን ስንሻገር ወደፊት ሮጠችና የማዕከሉ በር ላይ ቆማ «እታለም! ቶሎ በይ እንጂ! ሥራ ይረፍድብሻል!» ብላ መንገደኛው ሁሉ እስኪዞር ጮኸች። ልጆች ፊት ማልቀስ የለብሽም የሚል ደንብ የለንም። እዚያው መንገዱ መሀል ላይ አለቀስኩ።