የተሳመው ጉንጭ

ከዓባይ ዳር ተነሥተው ወደ ምዕራቡ በረሃ ሊገቡ ሲሉ፣ የፋርሱ አዛዥ ባጋዳት እንደ ወትሮው መንገድ መሪውን ዋህብሬን ጉንጩን ሳመው። ፋርሶች እኩያቸውን ከንፈሩን፣ ትንሽ ዝቅ የሚለውን ጉንጩን ይስማሉ፤ ከዚያ በታች ያለው መሬት ይስማል። ሁለተኛው መሪ ፓዲሆር መሬት ሳመ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ጉዞ መርቶ ያተረፈው አፈር መላስ ነው።

ዋህብሬ በመንገዱ ሁሉ ጉንጩን ይዳብሳል። ፓዲሆር እዩልኝ ማለቱ ነው ብሎ አረረ።

በዚያ በረሃ የሚጠጣው መሪዎች አስቀድመው የቀበሩት የእንስራ ውሃ ነው፤ ስፍራውን የሚያውቀው የቀበረው ብቻ። የሦስተኛው ቀን ውሃ የዋህብሬ ነበር። ፓዲሆር ግን ባለፈው ወር በስውር ተከትሎት፣ እንስራዎቹን አውጥቶ በአቅራቢያው ካለ ኮረብታ ማዶ ቀብሯቸዋል።

በሁለተኛው ቀን ነፋስ ተነሣ። አሸዋው ፀሐይዋን ዋጠ፤ አህዮቹ የውሃ ስልቻውን እንደ ተሸከሙ ጠፉ። ነፋሱ ሲበርድ እፉኝት ከአሸዋው ተወርውራ አንዱን ወታደር ነደፈችው፤ አልሰነበተም።

በሦስተኛው ቀን ዋህብሬ ምልክት ያኖረበትን ስፍራ ቆፈረ። ባዶ። ባጋዳት ጩቤውን እየጠረገ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ውሃ ካልመጣ ጆሮዎቹን እንደሚቆርጥ በለሆሳስ ነገረው።

ፓዲሆር ይህን ቀን ሲመኝ ኖሯል። ተደላድሎ ሊያይ ተቀመጠ። የዋህብሬ ጥፍሮች መድማት ሲጀምሩ ግን ተነሥቶ ኮረብታውን ወጣ። ማዶ ቀበሮዎች እርጥበቱን አሽትተው እየቆፈሩ ነበር፤ በዱላው አባረራቸው። አራት እንስራ ተረፈ፤ ሰዎቹን ጠራ።

ባጋዳት ጠጣና ፓዲሆርን ስቦ ጉንጩን ሳመው። ጢሙ የላም ስብ ይሸታል። ግብጻዊ ላም አይበላም፤ ላም የበላ አፍ የነካው ደግሞ እስኪነጻ ቤተ መቅደስ አይገባም።

ዋህብሬ አጠገቡ ተቀምጦ የመንጻት ጨው ዘረጋለት።

«እሸው። እኔ ከተነሣን ጀምሮ እያሸሁ ነው፣ አይለቅም።»

ፓዲሆር ጨውን ተቀበለ። «እንስራዎቹን ያዛወርኳቸው እኔ ነኝ፣ ወንድሜ።»

«ገብቶኛል። ውሃ የሚፈልግ ሰው እንደዚያ ቀጥ ብሎ አይሄድም።»

«ለሰውየው አትነግረውም?»

«ልንገረውና በእኔ ፈንታ ጉንጩን ማን ይስጥልኝ?»

በአምስተኛው ቀን የቴምር ዛፎቹ ታዩ፤ ደረሱ። ባጋዳት ደስ ብሎት እጆቹን ዘርግቶ መጣ። ዋህብሬ ፈጥኖ ተደፋና መሬት ሳመ።

ፓዲሆር የተሳመ ጉንጩን ይዞ ቁልቁል አየው። በሕይወቱ እንዲህ ቀንቶ አያውቅም።