የጠርሙስ ጣውንት

ዋሽቼ ከሆነ ምላሴን ይቁረጠው። ይህ የሆነው እኔው በዓይኔ እያየሁ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ገና ግድግዳው ላይ ሳለች ነው።

ጨለማን ብቻ የምትፈሩ ካላችሁ... እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ቀኑንም ጨምሩበት።

ከልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ ጋር የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። እንደ እሷ ያለ ጥቁር ፀጉር ሰፈሩ ውስጥ የለም፤ እኔ ራሴ ስንቴ ቀንቼባታለሁ። ባሏ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው። እኛ ግን "ዶክተር ባቄላ" እንለዋለን፤ እሱም ይስቃል።

ሥራው ሥር ማሳደግ ነው። ግንድ የለው፣ ቅጠል የለው... የባቄላ ሥር ብቻውን፣ በጠርሙስ ውሃ ውስጥ፣ በጨለማ። ጭማቂው ለፊት ቅባት ይሆናል፣ መጨማደድ ያጠፋል አሉ። "እስቲ ለጎረቤት አንድ ብልቃጥ" ስለው የፊቴን ስፋት አየና "አንድ አይበቃሽም" አለኝ።

አንድ ቀን የመሥሪያ ቤቱ መወዝወዣ ማሽን ተበላሸ። ሥሯ ደግሞ ቀን ከሌት ካልተወዘወዘች ታፍና ትሞታለች። ስለዚህ ጠርሙሷን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኖ ቤት አመጣት።

ጓዳ አስገባት። ጭኑ ላይ አድርጎ ይወዘውዛታል... እሹሩሩ ማለት ብቻ ነው የቀረው።

"ጣውንት መጣችብሽ፣ ያውም በጠርሙስ" አልኳት። ልብስ ሰፊዋ ሳቀች።

ከዚያ መሳቁ ቀረ።

ባሏ ግራኝ ነው፤ ሥሯን የሚመግበው በግራ እጁ ነው። ያ እጅ ማማር ጀመረ። ጠባሳው ጠፋ። ቆዳው እንደ ጎረምሳ ለሰለሰ። ቀኙ ግን ያው የሃምሳ ዓመት ቀኝ ነው።

ምግብ ስታቀርብለት "በልቻለሁ" ይላል። የት እንደበላ አይናገርም።

ሸሚዙን ታሸታለች... ሽቶ የለም። እርጥብ አፈር ይሸታል። ቤቱ ውስጥ አፈር የለም፤ ጠርሙሷም ውስጥ ያለው ውሃ ብቻ ነው።

ከዚያ የጋብቻ ቀለበቱ ከጣቱ ጠፋ።

"የት ጣልከው?"

"አለ... አንድ ቦታ አለ።"

እያለቀሰች መጣች። ሴት ይዞብኛል አለችኝ። አፌ አያርፍምና፣ ዶክተር ባቄላን ማን ይቀማሻል፣ ሳይዘፈዝፉት የማይበስል ሰው ነው አልኳት። አልሳቀችም። ሌሊት ባሏ ጓዳ ውስጥ ሲያንሾካሹክ በበሩ የሰማችውን ነገረችኝ።

"እሺ... መጣሁ... መጀመሪያ እሷ ትተኛ።"

ምን አግኝተህባት ነው ብላ ጠይቃዋለች። እሱም ፊቱ እያበራ አስረድቷታል። ሥርም ፀጉር አለው፤ ቀጭን፣ ነጭ። ሲርበው ይጣራል። አፈር ውስጥ ካለው ስንትና ስንት ባክቴሪያ የራሱን ይመርጣል። በፀጉሩ ጥቅልል አድርጎ ያቅፈዋል፣ ወደ ውስጥ ያስገባዋል፣ ቤት ሠርቶ ያበላዋል። ያ ቤት ሲቆረጥ ውስጡ ቀይ ከሆነ፣ በሕይወት አለ ማለት ነው።

"ከገባ በኋላስ?" አለችው።

"ከገባ በኋላማ... መውጣት አይፈልግም።"

ያን ዕለት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እሱ ገላውን ሊታጠብ ሲገባ፣ በሹክሹክታ ጠራችኝ።

"ነይ... አንቺም እይ። አበደች እንዳልባል።"

ጓዳ ገባን። ጨርቁን ገፈፈችው።

ጠርሙሷ በነጭ ሥር ጢም ብላለች። ሥሮቹ በሙሉ ወደ አንድ ጎን አዘንብለዋል... ወደ መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ።

ጠርሙሷን ወደ እኛ አዞረቻት። ክዳኑን እስክትከፍት ድረስ ዓይኔን ወደ በሩ መለስ አደረግሁ። ዞሬ ሳይ... ሥሮቹ ወደ ግድግዳው ተመልሰዋል።

መሃል ላይ አንዷ ወፍራም ናት። እንደ ጣት።

ቀለበቱን አጥልቃዋለች።

"አየሻት?" አለችኝ ጥርሷን ነክሳ። "የኔን ቀለበት..."

ሳበችው። አልወጣም፤ ሥሯ እንደ ጣት አንጓ አብጣበታለች። የልብስ መቀሷን አመጣችና... ቆረጠቻት።

ውስጧ ቀይ ነበር።

መታጠቢያ ቤት የውሃው ድምፅ ቆመ።

"ማነው የነካኝ?" አለ ባሏ። ቀስ ብሎ።

ደነገጠች፤ መቀሱ ጣቷን ጫረው። ልብስ ሰፊ ናትና፣ መርፌ በወጋት ቁጥር እንደምታደርገው፣ ሳታስበው ጣቷን፣ ከተቆረጠችው ሥር ከፈሰሰበት ቀይ ጭማቂ ጋር፣ ወደ አፏ ከተተችው።

መጠጠችው።

ሥሯ በማግስቱ ጠቁራ ሞተች። ቀለበቱ ወደ ጣቱ ተመለሰ፣ ባልና ሚስት ታረቁ። ከዚያ ወዲህ ሲጨቃጨቁ ሰምቼ አላውቅም። እሱ ከቤት ሲወጣም አይቼው አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት የጠበበኝን ቀሚስ ላስለቅቅ ሄድኩ። መጋረጃው በጠራራ ፀሐይ ተዘግቷል። ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋ ላይ ናት። እሱ ወለሉ ላይ ተቀምጦ፣ ጭንቅላቱን ጉልበቷ ላይ ጥሏል። ፊቱ እንደ ሕፃን አምሯል። የመኪናዋን መርገጫ በረገጠች ቁጥር ጭንቅላቱ ይወዛወዛል... እንደዚያች ጠርሙስ።

መኪናው ላይ ጨርቅ የለም። ክርም የለም።

"ሥራ ቀረ እንዴ ዶክተር?" አልኩት።

የመለሰችልኝ እሷ ናት።

"መውጣት አይፈልግም።" ቀጥላም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ደግሞ እህቴ... ባሌን ብዙ አትይብኝ።"

ልቀልድባት አፌን ከፈትኩ። ቀልዱ አልመጣም።

ከሻሿ ያመለጠ አንድ ፀጉር በትከሻው ወርዶ እጁ ላይ አርፏል። ነጭ ነው። መስኮቱ ዝግ ነው፤ ንፋስ የለም።

ፀጉሩ ግን ቀስ... ቀስ እያለ፣ ቀለበቱ ባለበት ጣት ላይ ይጠመጠም ነበር።