ሻሼ ለምን ተንቀጠቀጠች?

የትናየት ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቤታቸው ላሊበላ፣ ወደ አሸተን ማርያም በሚያወጣው መንገድ ዳር ነው። ሻሼ የምትባል ነጭ ድመት አለቻት። የትናየት ሻሼን ስትወድ ለጉድ ነው፤ ከራሷ ምግብ እየቀነሰች ታበላታለች።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት እናቷ ተቆጡ። «ይቺ ድመት ቤቱን በቁንጫ ሞላችው! ከዛሬ ጀምሮ ውጭ ትደር» አሉ።

የትናየት ደነገጠች። አባቷ አቶ ደሳለ የበጎቹን መዥገር የሚያጠፉበት መድኃኒት ጓዳ ውስጥ አለ። «እጅሽ እንዳይነካው!» ብለዋት ነበር። እሷ ግን «በጎቹን ከጠቀመ ሻሼን ምን ያደርጋታል?» ብላ አሰበች። በክዳኑ ቀዳችና የሻሼን ጀርባ አሸችው። አያችሁ ልጆች፣ ክፋት አስባ አይደለም። ድመቷን ወዳ ነው የሳተችው።

ብዙም ሳይቆይ የሻሼ ጆሮ ይርገበገብ ጀመር። ቀጥሎ የጀርባዋ ቆዳ፣ ከዚያም እግሮቿ ተንቀጠቀጡ። ምራቋ ተዝረበረበ። ልትነሳ ትሞክርና ትወድቃለች። የትናየት ስትጮህ እናትና አባቷ ሮጠው መጡ።

ጎረቤታቸው እትዬ ውባንቺ ጫጫታውን ሰምተው መጡ። «ኧረ ይቺስ ዓይን በልቷት ነው! የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ሙሉዬ ትናንት ‹ስታምር!› እያለች ስትደባብሳት አይቻለሁ» አሉ።

ሙሉዬ የየትናየት የክፍል ጓደኛ ናት። እሷም መጥታ በር ላይ ቆማ ነበር። ዓይኗ እንባ ሞላ። «እኔ ምንም አላደረግኳትም» አለች። ማንም አልሰማትም።

የትናየት ዝም አለች። ዓይን ነው ከተባለ እሷን የሚቆጣት የለም። ሻሼ ግን እየባሰባት ሄደ። ሙሉዬም አንገቷን ደፍታ ልትሄድ ዞረች። ይኼኔ የትናየት ሮጣ እጇን ያዘቻት።

«እኔ ነኝ!» ብላ ጮኸች። «አባዬ፣ የበጎቹን መድኃኒት ቀባኋት። ሙሉዬ የለችበትም!»

አቶ ደሳለ ለቁጣ ጊዜ አላገኙም። ድመቷን በጨርቅ ጠቀለሉ፤ የመድኃኒቱን ጠርሙስ አነሱ፤ ከልጃቸው ጋር በባጃጅ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሄዱ።

ሐኪሙ ዶክተር ሰውአገኝ ጠርሙሱን እንዳዩ ሻሼን በለብታ ውሃና በሳሙና አጠቧት፤ መርፌም ወጓት። ከዚያ የትናየትን አስጠጓት።

«ድመት ተኝታ ጢሟ ወይም እግሯ ንቅንቅ ንቅንቅ ቢል ሕልም እያየች ይሆናል፤ አትደንግጪ። ነቅታ ሳለ የሰውነቷ መንቀጥቀጥ አልቆም ካለ፣ ምራቋም ከተዝረበረበ ግን ሮጣችሁ አምጧት። ምን እንደነካትም አትደብቁ። ባትናገሪ ኖሮ ምን እንደማጥብ እንኳ አላውቅም ነበር» አሏት።

አመሻሹ ላይ መንቀጥቀጡ ተዋት። ሻሼ ተረፈች።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ የትናየት እትዬ ውባንቺን ይዛ ወደ ሙሉዬ ቤት ሄደች። እትዬ ውባንቺ አፍረው መሬት መሬት ያያሉ። የትናየት ገና «ይቅር በይኝ» ልትል አፏን ስትከፍት፣ ሙሉዬ ቀደመቻት።

«ሻሼ ዳነች?» አለች።

ይህን ስትሰማ የትናየት አቅፋት አለቀሰች። «ጥፋቴን አንቺ ላይ ጥዬ ዝም ብዬ ነበር፤ ይቅር በይኝ» አለቻት። እትዬ ውባንቺም «እኔንም ልጄ፣ በከንቱ ስምሽን አጠፋሁ» አሉ። ሙሉዬ ሁለቱንም ይቅር አለቻቸው።

ልጆቼ፣ የደበቅነውን ጥፋት ምንም ያላጠፋ ሰው ይሸከመዋልና፣ ሳንውል ሳናድር እውነቱን እንናገር።