ተኝታ የጻፈችው ጸሐፊ

የሕሙማንን ካርድ ወደ ኮምፒውተር የምትገለብጠው ጸሐፊ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሥራ ሊያልቅ አንድ ሰዓት ሲቀረው፣ ጠረጴዛዋ ላይ እንደተደፋች ሞታ ተገኘች። ሐኪሙ «ዐሥር ሰዓት ገደማ ነው የሞተችው» አለ። ሆዷ ውስጥ የተገኘው የእንቅልፍ ኪኒን በሬ ይጥላል።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ፖሊሶቹ ገዳይ ይዘው ጠበቋት። የተያዘችው ከሟቿ ጎን የምትቀመጠው ጸሐፊ ናት፤ ሳቂታ ይሏታል። በዚህ ቢሮ ሠራተኛ የሚሰልል ፕሮግራም አለ። የተመታውን ፊደል ይቆጥራል፤ በየዐሥር ደቂቃው የስክሪኑን ፎቶ ለሥራ አስኪያጁ ይልካል፤ ሦስት ጊዜ «ቦዝነሻል» ያላት ትባረራለች። መዝገቡ ሟቿ እስከ ዘጠኝ ተኩል ስትጽፍ ነበር ይላል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሻይ የወሰደችላት ሳቂታ፣ ብርጭቆውን ያጠበችው ሳቂታ። አለቀ። ሰው ሲምል የማያምኑ ሁሉ ማሽን ሲናገር አሜን አሉ።

«ፎቶዎቹን አሳየኝ» አለች ኢንስፔክተሯ።

«የድርጅቱ ምስጢር ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«የእሷ ገበና ሲሆን ፎቶ፣ ያንተ ሲሆን ምስጢር? ክፈት ባክህ!»

ከፈተ። የትናንቱ ፎቶ ላይ ሟቿ ለእህቷ ጀምራ ያጠፋችው ደብዳቤ አለ፦ «ዓርብ ጥዬው እመጣለሁ።» የዛሬው ከስምንት ሰዓት ወዲህ ያለው ደግሞ ጉድ ነው፤ ገጹ ሙሉ አንድ ፊደል ብቻ እንደ ጉንዳን ተሰልፏል።

እህቷን በስልክ ጠየቀቻት። «ደብዳቤ ልካልሽ ነበር?»

«ኧረ ምንም! ድምፅዋን ከሰማሁ ወር አለፈኝ፤ እህቴን!»

የሟቿ ባል ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ያለቅሳል።

«ምን ሆና ነው ትላለህ?»

«ራሷን አጥፍታ ነዋ፣ እመቤቴ። ዓርብ ጥላኝ ልትሄድ ነበር፤ ጭንቀቱ ገደላት። እኔማ በሰባት ሰዓት ምሳዋን አምጥቼ፣ አብልቻት ነው የሄድኩት።»

«ሳህኑስ?»

«ቤት ወስጄ አጠብኩት።»

«አይ ባል! እንዲህ ያለ የት ይገኛል?»

ከዚያ ሁሉንም አንድ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሳቂታ እጇ በካቴና ታስሯል።

«እህቴ፣ ከስምንት ሰዓት በኋላ የሟቿን ፊደል ስትመቺ የዋልሽው አንቺ ነሽ?»

ሳቂታ አንገቷን ደፋች። «ተኝታ መሰለኝ። እኛ አንዷ ሲደክማት ሌላዋ ትመታላታለች። ልጄ ታሞ ያደርኩ ጊዜ እሷ መታችልኝ። ሻዩንም አልጠጣችውም፤ ሲቀዘቅዝ ደፋሁት። ዘጠኝ ተኩል ላይ የራሴ ሥራ ሲከመርብኝ መምታቱን ተውኩት።»

«እስር ቤት ልትገቢ ነው እኮ! ለምን አልተናገርሽም?»

«ከተናገርኩ እነዚህ ጸሐፊዎች ሁሉ ይባረራሉ።»

«እንግዲህ ስሙ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ስምንት ሰዓት ላይ እንቅልፍ ጥሏታል ማለት ነው። የዘጠኝ ሰዓት ሻይ ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሶ ሰው አያስተኛም። ከዚያ በፊት አፏ የገባው ምሳው ብቻ ነው። ምሳውን ያበላት ባሏ፣ ሳህኑን ያጠበው ባሏ። ዓርብ መሄዷንስ ማን ነገረው? ደብዳቤው አልተላከም፤ እህቷ እንኳ አላወቀችም። ያለው የትናንቱ ፎቶ ውስጥ ነው፤ ፎቶውን የሚያየው ደግሞ አንድ ሰው ነው።»

ዐይን ሁሉ ሥራ አስኪያጁ ላይ ሆነ።

«የአክስቴ ልጅ ነው!» አለ፤ «ትዳሩ ሲፈርስ እያየሁ ዝም ልበል? ይገድላታል ብዬ መች አሰብኩ? ደግሞ ስክሪኗ እንዲታይ ፈርማለች።» ወረቀቱን ዘረጋ። ፈርማለች። ሁሉም ፈርመዋል።

ባልየውን ወሰዱት። ኢንስፔክተሯ ካቴናውን ፈታችና «በይ፣ ቤትሽ ግቢ» አለቻት። ሳቂታ ግን አልተነሳችም።

«ስምንት ሰዓት ላይ ትከሻዋን ይዤ ብነቀንቃትስ?»

ኢንስፔክተሯ ሐኪሙን ጠይቃዋለች። መዋሸት አልሆነላትም።

«ትተርፍ ነበር።»

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገ። «በሉ እንግዲህ፣ ሁላችሁም አርባ ደቂቃ ቦዝናችኋል።»

ጸሐፊዎቹ አንድ በአንድ ተነስተው ወደየወንበራቸው ተመለሱ።