በከነዓን በር የተጠራው ስም

ይህ ሆኗል።

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን የደረሰባትን ሴት በዓይኔ አይቻታለሁ፤ ከአፏም ሰምቻለሁ።

2005 ዓ.ም. በፈረንጆቹ። የካቲት ወር፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

አሽቀሎን፣ ባሕር ዳር ያለ አንድ ሆቴል።

ሌሊት አልነበረም። ጨለማም አልነበረም። ክፋቱም ይኸው ነው...

እኔ ፋንታነሽ እባላለሁ። ያን ጊዜ የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ እሠራ ነበር። እሷ ደግሞ ክፍል ታጸዳለች። ሁላችንም ትዋበች ነበር የምንላት። አቲቆት በሚባል ሰፈር ከአሥራ ሁለት ዓመት ልጇ ከአዲና ጋር ትኖራለች። ድምፅ የማታሰማ፣ ሥራዋን ብቻ የምታውቅ ሴት ነበረች።

የዚያን ቀን አለቃችን ሜራቭ ከኮሪደሩ ጫፍ ጠራቻት።

«ትዋበች፣ ክፍል 214 ያለችው እንግዳ ዕብራይስጥ አትችልም። ያንቺ አገር ሰው ናት። ጥንታዊውን ከተማ ማየት ትፈልጋለች፤ አንቺ ውሰጃት።»

«ሦስት ክፍል ይቀረኛል...»

«ይቆይ። በሴደር?»

በሴደር፣ እሺ ነው እንግዲህ። አለቃ ካለ አለ ነው።

ትዋበች የሆቴሉን ካርታ አነሳች። የከነዓን በር፣ የሮማውያኑ ምሰሶ፣ የባሕሩ ግንብ... ሁሉም በቀይ ተከቦ ተስሏል። ይህን ካርታ ስድስት ዓመት ሙሉ በየእንግዳው አልጋ ራስጌ ስታስቀምጥ ኖራለች። አንድ ቀን ግን ሄዳ አይታው አታውቅም። ለእኛ ማን ጊዜ ሰጥቶን!

እንግዳዋ ከመስታወቱ በር አጠገብ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ቀጭን ናት። ሻሿን እስከ ግንባሯ አውርዳ አስራዋለች።

«እንዴት ዋሉ፣ እትዬ?»

«እግዜር ይመስገን» አለች እንግዳዋ፣ ሳትዞር። «እንሂድ። ብዙ ጠበቅኩ።»

አነጋገሯ የደምቢያ ነው። የትዋበችም አገር ደምቢያ ነው። ልቧ ትንሽ ደንገጥ አለ... ግን የደምቢያ ሰው በአሽቀሎን ሞልቷል።

ውጭ ያካፋል። ትዋበች ጃንጥላ ዘረጋችና ልታስጠጋት ፈለገች።

«ተይው። እኔ አልረጥብም።»

እውነትም አልረጠበችም።

ትዋበች አላስተዋልኩም ብላ አለፈችው። ሰው የማይሆን ነገር ሲያይ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ዓይኑን ነው።

ከባሕሩ ግንብ ደረሱ። ከግንቡ ውስጥ የድንጋይ ምሰሶዎች ጫፋቸው ወጥቶ ይታያል፤ እንደ ተቆረጠ ክንድ። ትዋበች፣ አዲና ከትምህርት ቤት ጎብኝታ የነገረቻትን አስታውሳ አስረዳች።

«ምሰሶዎቹ የሮማውያን ነበሩ አሉ። ኋላ የመጡት ነቅለው ለግንባቸው አደረጓቸው።»

እንግዳዋ አንዱን ምሰሶ በመዳፏ ዳሰሰችው።

«የሌላ ሰው ቤት ምሰሶ ነው...» አለች። «ሲቆም ግን የራስ ይመስላል።»

ትዋበች ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች።

ያኔ ነው የእንግዳዋን ጫማ ያየችው።

ኮንጎ ጫማ። ድሮ ወደ እስራኤል ለመምጣት አዲስ አበባ ሲጠብቁ ሁላቸውም ያደረጉት የላስቲክ ጫማ። ቀይ ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ደርሷል... እርጥብ ጭቃ። ከሆቴሉ እስከዚያ ግን መንገዱ አስፋልትና አሸዋ ነው።

«እትዬ... እግርዎ ጭቃ ነክቶታል።»

«አይደርቅም» አለች። «አሥራ አራት ዓመቱ። አይደርቅም።»

ከነዓን በር ሲደርሱ ሰው የሚባል አልነበረም። ጥበቃው እንኳ ከዝናቡ ሸሽቶ ከዳሱ ገብቷል። በሩ ከጭቃ ጡብ የተሠራ ነው፤ ከላይ ቅስት፣ ከውስጥ ጠባብ መተላለፊያ። በአንዱ ጫፍ ተገብቶ በሌላው ይወጣል።

«ስንት ዘመን ተቀብሮ ኖረ?» አለች እንግዳዋ።

«አራት ሺህ ዓመት ገደማ ይሉታል። በበሩ አጠገብ የብር ጥጃም አግኝተዋል። ትንሽዬ። ከሸክላ ቤት ተሠርቶላት።»

«ፈልገው?»

«አዎ። ቆፍረው።»

እንግዳዋ ሳቀች። ደስታ የሌለው ሳቅ ነው።

«ጥጃዋም ቤት ነበራት። ድንጋይ እንኳ ይፈለጋል...»

ከዚያ ወደ መተላለፊያው ገባች። ትዋበች ከደጅ ቀረች። ውስጡ ጸጥ አለ።

ዝናቡ ብቻ... ጠብ... ጠብ...

«ገበያነሽ።»

ትዋበች አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

ይህን ስም በእስራኤል ምድር የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። ባሏ ሳያውቀው ተለያዩ። ልጇ አታውቀውም። መታወቂያዋ አያውቀውም።

«ማን... ማን አልሽ?» አለች በሹክሹክታ።

«ገበያነሽ። እኔ አልረሳሁትም።»

«ትዋበች ነኝ።»

«እንዲያ ከሆነ እኔ ማን ነኝ?»

ሴትዮዋ ሻሿን ወደ ኋላ ገፋችው።

የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ፊት ነው። ታላቅ እህቷ ነበረች። አሁን ግን ታናሿ ሆናለች።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በፈረንጆቹ 1991 አዲስ አበባ፣ የኪራይ ደሳሳ ቤት ውስጥ ሁለት እህትማማቾች ወደ እስራኤል ለመሄድ ተራ ይጠብቁ ነበር። የተመዘገበችው ታላቋ፣ እውነተኛዋ ትዋበች ናት። ታናሿ ገበያነሽ፣ ኋላ እኛ ትዋበች ያልናት፣ ከአገር ቤት ዘግይታ ስለመጣች ስሟ ገና አልገባም። «ዛሬ ነው፣ ቶሎ ኑ!» የተባለ ቀን ትዋበች በንዳድ ተይዛ መሬት ላይ ተኝታለች።

«የምዝገባው ወረቀት ጉያዬ ውስጥ ነው» አለቻት። «ደግፊኝና እንሂድ። አብረን እንለምናቸው።»

ገበያነሽ ወረቀቱን አወጣች።

«ጠይቄ ልምጣ። ጠብቂኝ። እመለሳለሁ።»

አልተመለሰችም። ማታውን አውሮፕላን ውስጥ ነበረች።

ከሁለት ዓመት በኋላ ከአገር የመጣ ሰው ወሬውን አመጣ። አንዲት በሽተኛ ሴት እየዳኸች ሄዳ፣ ተጓዦች ከተሰበሰቡበት ግቢ በር ሥር ሦስት ቀን ቁጭ ብላ ሞተች። ማንነቷን ስትጠየቅ ስሟን ትናገራለች። «እሷማ ሄዳለች» ይሏታል።

ገበያነሽ ያንን ወሬ ሰምታ ቁርሷን በላች። ሥራም ገባች። ይህን ስትነግረኝ ነው ያለቀሰችው።

«እታለም...» አለች ገበያነሽ፣ ወደ በሩ ውስጥ ገብታ። «ምን ላድርግልሽ?»

«ስሜን መልሽልኝ።»

«ውሰጂው። ያንቺው ነው፣ ውሰጂው...»

«እንዲህ አይደለም። ከዚያ ጫፍ ቁሚና ጥሪኝ። ጮክ ብለሽ።»

ገበያነሽ ወደ ጫፉ ሄደች። ከዚያ ጮክ ብላ ተጣራች።

«ትዋበች!»

«አቤት!»

ድምፁ ደስ ይል ነበር አለችኝ። እንደ ልጅ ድምፅ።

ዞር ስትል ማንም የለም። ሮጣ በሌላው ጫፍ ወጣች። ማንም የለም። ወደ በሩ የሚገባ ቀይ የእግር ዱካ አለ። የሚወጣ ግን የለም...

አለቀሰች። ግን ቀልሏት ነበር። ይቅር ተባልኩ ብላ ነበር።

ሆቴል ስትደርስ ሜራቭ በር ላይ አገኘቻት።

«ስሊኻ፣ ይቅርታ፣ ምን ፈልገሽ ነው?»

«ሜራቭ... እኔ ነኝ እኮ።»

«ሥራ ከሆነ እሑድ ነው የምንቀበለው» አለችና አለፈቻት።

በመስታወቱ በር በኩል አየች። አንዲት ሴት በኮሪደሩ የአንሶላ ጋሪ እየገፋች ትሄዳለች። አካሄዷ የራሷ የገበያነሽ ነው።

እስከ አቲቆት ሮጠች። ሦስት ፎቅ ወጣች። አንኳኳች። አዲና ከፈተች።

«ሚ አት?» አለቻት። አንቺ ማን ነሽ?

«አዲና! እናትሽ ነኝ!»

ልጅቷ ወደ ኋላ ሸሸች። ወደ ቤት ውስጥ ዞራ ተጣራች።

«ኢማ! እማዬ! አንዲት ሴትዮ መጣች!»

ከወጥ ቤቱ «አቤት!» የሚል ድምፅ መጣ።

ያው ድምፅ።

በሩ ላይ የመጣችው ሴት እጇን በፎጣ እየጠረገች ነበር። ልጅቷን በቀስታ ወደ ውስጥ ገፋች። ከዚያ ጎንበስ ብላ በገበያነሽ ጆሮ አንሾካሾከች።

«ጠብቂኝ። እመለሳለሁ።»

በሩም ተዘጋ።

እኔ በዚያ ሳምንት ምንም አላወቅኩም። ትዋበች በማግስቱ ሥራ ገብታለች። ትንሽ ወጣት መስላ ስለነበር «ምን ተቀብተሽ ነው?» ብለን ቀለድንባት። ሳቀች። ልጇ ሆቴል ስትመጣ ከእሷ ጋር በአማርኛ ስታወራ ሰማኋት። ያቺ በዕብራይስጥ ብቻ የምትመልስ አዲና በደምቢያ አማርኛ ትመልስላት ነበር።

ከአሥር ቀን በኋላ ነው ያቺን ሌላዋን ያገኘኋት። የአሽቀሎን ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ፣ አግዳሚው ላይ። ፊቷ የትዋበች ነው፤ ግን ያረጀ። ስሜን ጠርታ ያዘችኝ። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ያኔ ነው።

ስትነግረኝ አንድ ጎረምሳ መጥቶ ቦርሳውን ጭኗ ላይ አኖረ። ባዶ ወንበር ላይ እንደሚያኖር። እሷም ቦርሳውን አላነሳችም፤ እያደር የሚያያት ሰው ጠፍቶ ለምዳዋለች።

ሁለት ሻይ ስገዛ ሻጩ «ሁለቱንም አንቺ ነሽ የምትጠጪው?» አለኝ።

ተመልሼ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ሰው አያይሽም...» አልኳት በሹክሹክታ። «እኔ ለምን አየሁሽ?»

ሻዩን አግዳሚው ላይ አስቀመጠች።

«ፋንታነሽ» አለች ቀስ ብላ። «ድሮ... እዚህ ሳትመጪ... ስምሽ ማን ነበር?»

እጄ ሳላስበው ኪሴ ውስጥ ያለውን መታወቂያ ጨበጠ።

አንድ አውቶቡስ መጥቶ ቆመ። ሰው ወረደ። በመጨረሻ አንዲት ሽማግሌ ሴት፣ በባዶ እግሯ፣ አንድ ወረቀት በሁለት እጇ ይዛ ወረደች። ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ወረቀቱን እየዘረጋች የሰው ቤት ትጠይቃለች። ማንም ዞር ብሎ አላያትም።

ከዚያ ቀና አለችና ወደ እኔ መምጣት ጀመረች።